የተቀበረ ብረት የማን ነው?

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ የወንድሜ ልጅ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ የእማማን የጓሮ ቁልፍ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለኝ። የትኛውን ቁልፍ ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በእናታችን ቤት ጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በውስጧ በሸራ የተሸፈነ አንድ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጧል። ነገሩ መኪና ነው፤ ይልቁንም መኪና የነበረ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ በሙያው መካኒክ ነበር። ከአሮጌ ቮልስ ሻንሲና ሞተር ተነሥቶ፣ አካሉን ከላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ፣ የጎደለውን ከምናለሽ ተራ እየለቀመ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሑዶቹን ሰውቶ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ሠራ። የሰፈር ልጆች «ጥይት» ይሏት ነበር። በ1985 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ የፊት ግራ ጎማዋ ወልቆ ተገለበጠች። ወንድሜ እዚያው ዐረፈ። ልጁ ያን ጊዜ ሁለት ዓመቱ ነበር።

እናቴ ስብርባሪው ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ወደ ጓሮ እንዲገባ አደረገች። «አልሸጠውም፤ ለማንም አልሰጠውም፤ ዓይኔ ግን እንዳያየው» አለች። ክፍሏ ተቆለፈች፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ።

ያ የሁለት ዓመት ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። እሱም እንደ አባቱ እጁ ግሪስ የሚሸት፣ በሞተር ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። «ከፍቼ ላያት፣ ከተቻለም ላድሳት እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «የሞተ ይረፍ ልጄ፤ ያን ብረት ተወው» አልኩት። «አባቴ በእጁ ከሠራው ነገር ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነው» ብሎኝ ቡናውን ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ ሰው በእጁ የሠራው፣ የሞተበትም ነገር የማን ነው? የሟቹ ነው? ያለቀሱለት ሰዎች ነው? ወይስ ከእነሱ በኋላ መጥቶ ሊያውቀው የሚሻው ሰው? «የሞተ ይረፍ» ያልኩት ለሟቹ አስቤ ነበር ወይስ ለራሴ?

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ሳወጣና ሳወርድ ከብዙ ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ እንግሊዝ አገር ሄጄ ያየኋት አንዲት መኪና ደጋግማ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው በብሩክላንድስ፣ በ1907 በተከፈተው በዚያ ዝነኛ የኮንክሪት መሮጫ ሜዳ ላይ ዛሬ ሙዚየም አለ። እዚያ ነው ያየኋት። ስሟ ባብስ ይባላል። (የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የራሴን በራሳችን አቆጣጠር እንደምጽፍ ልብ ይሏል።)

* * *

የባብስ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ባለጠጋ ወጣት ግቢ ነው። ሉዊስ ዝቦሮቭስኪ የሚባል ባለ ብዙ ሀብት ሰው በካንተርበሪ ከተማ አጠገብ ሃይም በሚባለው ርስቱ ውስጥ የራሱን ጋራዥ አቋቁሞ ከረዳቶቹ ጋር መኪና ይሠራ ነበር። የፈለገውን መኪና መግዛት የሚችል ሰው ነው። እሱ ግን ማንም የማይሸጥለትን ነገር ይመኝ ነበርና በእጁ መሥራትን መረጠ። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የተሠራውን፣ ሊበርቲ የሚባለውን የአሜሪካ ሞተር አምጥቶ በአንድ ሻንሲ ላይ አሳረፈው። ሞተሩ አሥራ ሁለት ሲሊንደርና 27 ሊትር ይዘት ያለው ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የወንድሜ ቮልስ ሞተር ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር። የማርሽ ሳጥኑ ከአንድ አሮጌ የቤንዝ መኪና የመጣ ሲሆን፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው ልክ እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር።

ዝቦሮቭስኪ የመኪናዋን መጨረሻ አላየም። ጥቅምት 19 ቀን 1924 በኢጣሊያ ሞንዛ ላይ በተካሄደ ውድድር፣ የሌላ ኩባንያ መኪና ሲነዳ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። አባቱም በ1903 በመኪና ውድድር ላይ የሞተ ሰው ነበር።

መኪናዋን ከውርሱ ላይ በ125 ፓውንድ የገዛት ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ ቶማስ ነው። ቶማስ የዌልስ ተወላጅ፣ በትምህርትም በሙያም መሐንዲስ ነበር። የአንድ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ ዋና መሐንዲስነቱን ትቶ ብሩክላንድስ መሮጫ ሜዳ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት ይኖር ጀመር። የገዛትን መኪና ፈታ፤ ካርቡራቶሩን ለወጠ፤ ፒስተኖቹን ራሱ ነድፎ አሠራ፤ አካሏን አስተካከለ፤ ባብስ ብሎም ጠራት። በደቡብ ዌልስ ፔንዳይን በሚባል ቦታ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ጠፍጣፋ የባሕር ዳር አሸዋ አለ። ማዕበሉ ሲሸሽ አሸዋው ጠንክሮ እንደ መንገድ ይሆናል። በሚያዝያ 1926 ቶማስ በዚያ አሸዋ ላይ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። በየካቲት 1927 ማልኮልም ካምቤል የሚባለው ተፎካካሪው በዚያው አሸዋ ላይ ወደ 281 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ቶማስ ክብረ ወሰኑን ለማስመለስ መጋቢት 3 ቀን 1927 ባብስን ይዞ ተመለሰ። በሩጫው መካከል መኪናዋ ተገልብጣ ተንሸራተተች፤ ቶማስም ራሱ ላይ በደረሰበት አደጋ ወዲያውኑ ሞተ። የምድር ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሞክር የሞተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚመለከተኝ። የቶማስን አስከሬን ወስደው ብሩክላንድስ አጠገብ ባይፍሊት በሚባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። መኪናዋን ደግሞ እዚያው ፔንዳይን፣ ከአሸዋው ዳር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። አልሸጧትም፣ ለቁራጭ ብረት አልሰጧትም፣ አላቃጠሏትም። ቀበሯት። እንደ ሰው።

* * *

ባብስ ከመሬት በታች አርባ ሁለት ዓመት ቆየች። ቦታው በኋላ የጦር ሠራዊት መሞከሪያ ቀበሌ ሆነ። በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የሚባል፣ በሰሜን ዌልስ ባንጎር ከተማ የምሕንድስና መምህር የነበረ ሰው ፈቃድ ጠይቆ ቆፍሮ አወጣት። ፈቃዱ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ሐሳቡን የተቃወሙ ሰዎች ነበሩ። መቃብር አይነካም፤ የሞተ ይረፍ፤ የሟቹ ወዳጆች የቀበሩትን ባዕድ ሰው አያወጣውም የሚል ነበር የተቃውሞው መንፈስ። ልብ በሉ፣ እኔ ለወንድሜ ልጅ የተናገርኩት ቃል ነው።

የወጣው ነገር ለዓይን የሚያምር አልነበረም። የባሕር ጨው ላሜራውን በልቶታል። ከወፍራሙ ብረት ግን ብዙው ተርፎ ነበር። ኦወን ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞ፣ ያለቀውን በአዲስ ተክቶ፣ የተረፈውን አጥቦና አቅንቶ አደሳት። ሞተሯም እንደገና ተነሣ። እኔ ሳያት ነጭና ሰማያዊ ቀለሟ እያበራ፣ እንደ ትልቅ ዓሣ ተጋድማ ነበር። አንድ ሕፃን አባቱን «ሰውየው በዚህች ውስጥ ነው የሞተው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። አባትየውም «አዎ» ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ያን ዕለት አንድ ቅር ያለኝ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ዛሬ ነው።

እስቲ የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ በቅንነት እንመርምረው፤ የእኔም ሐሳብ ነበርና።

የመጀመሪያው ስሜት፣ ሰዎች በግልጽ ባይናገሩትም፣ ብረቱ ጥፋተኛ ነው የሚል ይመስለኛል። ሰው የገደለ ነገር ከሰው ዓይን ይራቅ። ይህ ስሜት የሞኝ ስሜት አይደለም፤ እጅግ የቆየ ነው። በጥንታዊት አቴና ድንጋይ ወይም ብረት ወድቆ ሰው ቢገድልና ገዳይ ሰው ባይገኝ፣ ዕቃው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይፈረድበትና ከአገር ድንበር ውጭ ይጣል ነበር። በእንግሊዝ አገርም ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሕግ ነበር። ሰው የገደለ ጋሪም ሆነ በሬ፣ ወይም ዋጋው፣ ለንጉሡ ይወረስ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1846 ነው። የተሻረበት ምክንያት አስተማሪ ነው። ባቡር መጣ። ባቡር ብዙ ሰው ሲገድል ዳኞች በሎኮሞቲቮቹ ላይ ከባድ ዋጋ ይጭኑ ጀመር። ያን ጊዜ «ጥፋተኛው ብረቱ ነው ወይስ ብረቱን የሠራውና የነዳው ሰው?» የሚለውን ጥያቄ ማምለጥ አልተቻለም። ብረት አይወነጀልም። ብረትን መወንጀል ሰውን ከመጠየቅ የሚያሳርፍ ስልት ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ለምን እንደከበደኝ ከታች እናገራለሁ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከፊተኛው ይከብዳል። የቀብር ሥርዓት ነው። ያለቀሱ ሰዎች ቀብረዋታልና ጉዳዩ ተዘግቷል። ሐዘንተኛ መብት አለው፤ ይህን አልክድም። እናቴ «ዓይኔ እንዳያየው» ስትል ማንም «ምክንያትሽን አስረጂ» ሊላት አይችልም ነበር። ነገር ግን የሐዘንተኛ መብት ለዘለዓለም የሚወረስ ርስት ነው? የቶማስ መቃብር ባይፍሊት ነው። እዚያ ድንጋዩ አለ፤ ስሙ ተጽፏል፤ የፈለገ ሄዶ አበባ ያኖራል። መቃብር ማለት ይህ ነው፦ የሞተውን የት እንዳለ የሚናገር ምልክት። በፔንዳይን አሸዋ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የተደበቀ ነገር ነው። መቃብር ለማስታወስ ይሠራል፤ መደበቂያ ለመርሳት ይቆፈራል። ሁለቱም ጉድጓድ ስለሆኑ ብቻ አንድ ስም ልንሰጣቸው አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ ነው ሐሳቤን የገለበጠው፦ የእውነት ጉዳይ።

ቶማስ እንዴት ሞተ? ለረጅም ዘመን የተነገረው መልስ አንድ ነበር። ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት ተበጥሶ ራሱን መታው ይባል ነበር። ታሪኩ በጋዜጣ ወጣ፤ በመጻሕፍት ተደገመ፤ ሰውም ተቀበለው። ደግሞም ለጆሮ የሚመች ታሪክ ነው፤ ሰንሰለት፣ አውሬ መኪና፣ ደፋር ሰው። ባብስ ከመሬት ወጥታ ብረቷ በቅርብ ከታየ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ቀረበ። በመጀመሪያ የተሰበረው የቀኝ የኋላ ጎማዋ ነው፤ የሰንሰለቱ ነገር ከዚያ ተከትሎ የመጣ ነው ብለው የተከራከሩ አሉ። ከሁለቱ የትኛው ልክ እንደሆነ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። ለእኔ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ብረቱ ከመሬት በታች በነበረባቸው አርባ ሁለት ዓመታት ጥያቄውን መጠየቅ እንኳ አይቻልም ነበር። የቀበሩት ሰዎች በፍቅር ነው የቀበሩት፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን ከመኪናዋ ጋር ምስክሯንም ቀብረዋል።

ቶማስ መሐንዲስ ነበር። የተሰበረ ብረት ሲያገኝ አይቀብርም፤ ወደ ብርሃን ይዞ ወጥቶ ስብራቱን ይመለከታል። ይህ ሰው ከሞቱ በኋላ ምን ይፈልግ ነበር ብለን በእውነት ብንጠይቅ፣ «መኪናዬን ደብቁልኝ» ከሚል «ምን እንደተሰበረ እዩልኝ» ማለቱ ይቀርበኛል። እርግጥ ነው፣ ሟች ምን ይል ነበር ብሎ መናገር አደገኛ ነው። ሙታን አይመልሱምና የፈለግነውን ሁሉ በአፋቸው እናስቀምጣለን። ነገር ግን «ይረፍ» ስንልም እኮ በአፉ ቃል እያስቀመጥን ነው። ዝምታም ምስክርነት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ቃል መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ሰውየው በሕይወቱ ሳለ ከኖረበት መንገድ ጋር የሚስማማውን መምረጥ ይሻላል።

* * *

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለተቃዋሚዎቹ አንድ ነገር እንዲቀርላቸው እፈልጋለሁ፤ አለበለዚያ ፍርዴ ያደላል።

በብሩክላንድስ ቅር ያለኝ ነገር ይህ ነው። ባብስ እጅግ ታምር ነበር። ቀለሟ አዲስ ነው፤ ጭረት እንኳ አላየሁባትም። ሕፃኑ ጠይቆ ባይሆን ኖሮ በዚያች ብረት ላይ ሰው መሞቱን ከመልኳ ማወቅ አይቻልም ነበር። እድሳት የሚባለው ነገር ከመቅበር የባሰ መሸፈኛ ሊሆን አይችልም? አሸዋው ሞቱን ደብቆ ከሆነ፣ ቀለሙም በራሱ መንገድ ይደብቀዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ የፈላስፎች እንቆቅልሽ አለ። የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ያኖሩ ነበር ይባላል። ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ ይተኩታል። ሁሉም ሳንቃ ተተክቶ ሲያልቅ መርከቡ ያው የቴሴዎስ ነው ወይስ ሌላ? ባብስም እንዲሁ ናት። ላሜራዋ አዲስ ነው፤ ብዙ ነገሯ አዲስ ነው። ደግሞስ ወደ የትኛዋ ባብስ ነው የምትመለሰው? ወደ ዝቦሮቭስኪ መኪና? ቶማስ ለወጣት። ክብረ ወሰን ወደሰበረችበት ቀን? ወይስ ተገልብጣ ወደቆመችበት ቀን? ያም ቀን የራሷ ነው። አዳሹ ከእነዚህ ቀናት አንዱን መምረጥ አለበት፤ አንዱን ሲመርጥ ሌሎቹን ይሠርዛል።

የእኔ መልስ የሚከተለው ነው። አንድን ነገር ያው ነገር የሚያደርገው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ እሱ የሚነገረው ቃል የማይቋረጥ መሆኑም ነው። ኦወን ያደሳትን መኪና «ይህች ዐዲስ ናት» ብሎ ቢሸጣት ውሸት ይሆን ነበር። «ይህች ምንም ያልደረሰባት ናት» ቢልም ውሸት ነው። «ይህች ሰው ሞቶባት፣ ተቀብራ፣ ወጥታ፣ በእጄ የታደሰች ናት» ሲል ግን መኪናዋ ያችው ባብስ ናት። እድሳት ከታሪኩ ጋር ከሄደ አደራ መጠበቅ ነው። ታሪኩን ከጣለ ግን መቃብር መዝረፍ ነው። ያ አባት ለልጁ «አዎ» ሲል፣ ሙዚየሙ ከሠራው ሥራ ሁሉ የበለጠውን ሠርቷል።

እንግዲህ የተቀበረ ብረት የማን ነው? አሁን ልመልስ እችል ይመስለኛል። በመጀመሪያ ያለቀሱት ሰዎች ነው። እነሱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሳይጠየቁ አይነካም። ቀጥሎ እውነቱን ለማወቅ የሚሻው ሰው ነው፤ ይልቁንም ከሟቹ የወጣ ሰው ሲሆን። በማንም ጊዜ ቢሆን ግን እውነቱ እንዳይታወቅ የሚፈልገው ሰው አይደለም። ይህ የመጨረሻው ሰው ቁልፉን ይዞ መቀመጥ አይገባውም።

ያ የመጨረሻው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

* * *

ቅዳሜ ማታ ነበር፤ በማግሥቱ ወንድሜ ሊሞት። በጓሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ ከኋላ፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ካርቡራቶሩን ያስተካክላል። እኔ ደግሞ ከፊት ነኝ። የግራውን ጎማ አውልቀን ፍሬኑን አይተን ስለነበር መልሼ እንድገጥመው አዘዘኝ። ብሎኖቹን በእጄ ገጠምኩ፤ በቁልፍ ማጥበቅ ጀመርኩ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ሻማ አመጣሁ። ጓደኞቼ በአጥር በኩል እየጠሩኝ ነበር፤ ሠርግ ነበረብን። ክሪኩን አወረድኩ። ወንድሜ ቀና ሳይል «አጠበቅከው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

አጥብቄው ነበር? ይመስለኛል። ሁሉንም? ይመስለኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንን ሌሊት በጨለማ ውስጥ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ አንዳንዴ ሁሉንም አጥብቄ አገኘዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ላይ ስደርስ ሻማው ይጠፋብኛል። በልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ያ ብረት ፈጀው» ሲል እኔም ከሰው ጋር «ያ ብረት ፈጀው» አልኩ። እናቴ «ዓይኔ እንዳያየው» ስትል ቁልፉን ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ወሰድኩት። እናቴ ከሐዘን የተነሣ ቆለፈችው፤ እኔ ከፍርሃት የተነሣ ጠበቅሁት። ከውጭ ሲታይ ግን ሁለታችንም ሙታንን የምናከብር ሰዎች እንመስል ነበር።

ስለ አቴናና ስለ እንግሊዝ ሕግ ስጽፍ እጄ የከበደኝ ለዚህ ነው። ሰው ምን ያህል ጊዜ ፍርሃቱን በአክብሮት ልብስ ያለብሳል! «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። መልካም ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምንሸሸው ሙትን መውቀስ ሳይሆን በሙት ፊት መወቀስን ነው።

ባለፈው ወር ወደ እናቴ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ልቧ ግን ንቁ ነው። ልጁ የጠየቀኝን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ዓይኔ እንዳያየው አልኩ እንጂ የልጁ ዓይን እንዳያየው አላልኩም። አንተ ነህ እንዲያ ያደረግኸው» አለችኝ። ያንን ሌሊት ለእሷም ነገርኳት። መልሷን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷና የእኔ ነው።

ከዚያ የወንድሜን ልጅ ጠርቼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት ግን ሁሉንም፣ ሻማውን፣ ሠርጉን፣ «አዎ» ያልኩትን ሳይቀር ነገርኩት። ብረቱ ከተከፈተና ነጻ ከወጣሁ በኋላ መናገር ይቀለኝ ነበር፤ ያ ግን መናገር አይባልም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ይጮህብኛል ወይም ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ በአባቱ ድምፅ፣ አንድ የመካኒክ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ብሎኖቹ የት ናቸው?»

አሉ። ያን ዕለት ከአስፋልቱ ዳር የለቀማቸው አንድ ገበሬ ከጎማው ጋር አምጥቶ ሰጥቶን ነበር። በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አድርጌ ከመኪናዋ መቀመጫ ሥር አስቀመጥኳቸው። ስንት እንደሆኑ፣ ጥርሳቸው ተበልቶ ይሁን ደኅና ይሁን አላየሁም። ቆጥሬያቸው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንከፍታለን። የግራውን ፊት እስኪያየው ድረስ ምንም እንዳያቀና፣ ምንም እንዳይቀባ ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ይደሳት ወይም እንዳለች ይተዋት፣ እሱ ይወስናል። ጣሳውን ግን እኔ እከፍታለሁ።